ደረቅ መስመር

ሶልያና ቢንያም ለቅሬው፣ ለብሎኩ የቀብር ዕድር፣ የሰጠችው ቃል ይህ ነው። አባታችን ባረፉ ጊዜ ወንድሜ ናሆም እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ አምባር ታስሮለት ድንኳን ውስጥ ዋለ። መስመሩ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ንቅንቅ አላለም። ከሳጥኑ ወጥቶ ያን ሁሉ ሰው ያስለቀሰው ለቅሶ የእኔ ነው። ያስታመምኩ እኔ፣ ያለቀስኩም እኔ። ዛሬ በሙት ዓመቱ ከጎኔ የቤተሰብ ወንበር ይሰጠው ማለት በሟች ላይ መቀለድ ነው።

ናሆም ቢንያም የሰጠው ቃል ደግሞ ይህ ነው። በዚያ ቀን አልቅሻለሁ። ደረቴ ውስጥ የነበረውን እኔ አውቀዋለሁ። ሳጥኑ ለምን እንዳልሰማኝ አላውቅም፤ የሽቦና የብሎን ሥራ ነው እንጂ የነፍስ አባት አይደለም። በአባቴ ሙት ዓመት እንደ መንገደኛ በር ላይ ቆሜ አልውልም።

ሁለቱንም ቃል ለጉባኤው የደገሙት የቅሬው ዳኛ ጋሼ ፉአድ ናቸው። በቅሬው ደንብ ዳኛው የተጣሉትን ሰዎች ቃል ተራ በተራ በራሱ አፍ ይደግማል፤ ባለቤቱ "እንዲህስ አላልኩም" ካላለ ቃሉ ጸና ማለት ነው። ጋሼ ፉአድ የሶልያናን ሲደግሙ ድምፃቸው ቀጠን፣ የናሆምን ሲደግሙ ወፈር ይላል፤ ሆን ብለው አይደለም፣ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ሶልያና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ናሆም "ብያለሁ" አለ።

ከሁለቱ አንዳቸውም አልዋሹም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ከድንኳኑ ጥግ፣ ከሳጥኑ ኋላ፣ ገመዶቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ የተቀመጠው አንዳርጌ ነው።

አንዳርጌ በኮምቦልቻ የብሎክ አስራ አራት ቅሬ ገመደኛ ነው። ቅሬው ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስቶች አሉት፣ ሳጥንም አለው። ብሎኮቹ ወደ ላይ እየረዘሙ ሄደው የአንዱ መኝታ ቤት ግድግዳ የሌላው ወጥ ቤት ግድግዳ ከሆነ ወዲህ በከተማው ውስጥ በጉሮሮ ማልቀስ ክልክል ነው። ሕጉ ሲወጣ ያጉረመረመው ትውልድ አብዛኛው በዚያው በሳጥን ተለቅሶለት አልፏል። አሁን ያሉት ልጆች ሌላ ዓይነት ለቅሶ አያውቁም። ባለፈው ክረምት ከገጠር የመጣች አንዲት አክስት ድንኳን በር ላይ ስትደርስ አፏን ከፍታ "ወንድሜን" ብላ ብትጮህ፣ ልጆቹ አደጋ የደረሰ መስሏቸው ወደ ደረጃው ሮጡ። ደንብ አስከባሪዎች መጥተው በትህትና ውሃ ሰጧት፤ መኪናቸው ውስጥ አስገብተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ እስኪወጣላት ድረስ ጠበቋት።

ስለዚህ ሐዘንተኛ ሲደርስ መጀመሪያ እጁን ያስታጥቡታል፤ ቀጥሎ ከሳፋው ውስጥ አምባር አውጥተው ያስሩለታል። አምባሩ የልቡን ምት፣ ትንፋሹንና የቆዳውን ላብ ወደ ቮልት ይለውጣል። ገመደኞች ይህን ቮልት "አዛዥ" ይሉታል። አዛዥ በራሱ አይሰማም፤ ድምፁን ግን ከፍ በል፣ ዝቅ በል፣ ተሰበር ይለዋል። ድምፁ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ለሴት ልጅ ቀጭን፣ ለወንድ ልጅ ወፍራም። ቅኝት ያዥ የሚሉት ሞጁል ደግሞ የማንም ሐዘን ከአምባሰል እንዳይወጣ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የገመደኛው ፋንታ ነው፤ ማጣሪያ አለ፣ ደጋሚ አለ፣ ማሚቶ አለ።

መስመሩ ያልተነሳ ሰው "ደረቅ" ይባላል። ለሩቅ ዘመድ ደረቅ መሆን አያስነውርም። ለወላጁ ደረቅ የሆነን ሰው ግን፣ ቅሬው አይቀጣውም እንጂ፣ መቅጣትም አያስፈልገውም። ሰላምታው ያጥርበታል። ናሆም ከጅቡቲ ጠቅልሎ ከመጣ በኋላ መናኸሪያው አጠገብ የባትሪ መጠገኛ ከፍቶ ነበር፤ ሰው ባትሪውን ተሸክሞ በሱቁ ፊት እያለፈ ሐርቡ ከተማ ድረስ መውሰድ ጀመረ። ሴት ልጁን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች "ተመካክረን እንመለሳለን" ብለው እንደወጡ ቀሩ። ናሆም ራሱ ቢሞት ለእሱ አምባር የሚያስር ሰው መገኘቱ አጠራጣሪ ነበር። የቤተሰብ ወንበሩን አጥብቆ የፈለገው ለዚህ ነው። በአባቱ ሙት ዓመት ተቀምጦ አንዴ ከተሰማ ስሙ ይመለሳል። በር ላይ ከዋለ ግን ደረቅ እንደሆነ ይቀራል።

አቶ ቢንያም ያረፉ ዕለት አንዳርጌ ሳጥኑን ሲያበራ መጀመሪያ ዓይኑ ውስጥ የገቡት ሁለት የመስመር መብራቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ወንበር የሶልያና ነው፤ መብራቷ ደብዝዞ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ሁለተኛው ወንበር የናሆም ነው፤ መብራቱ ክንፉን እንደ ታሰረ ወፍ ይፈራገጣል።

ቀና ብሎ ወንበሮቹን አየ። ሶልያና አባቷን ለዓመታት ያገላበጠች፣ ያጎረሰች፣ ያጠበች ሴት ናት፤ ባል ሳታገባ፣ ከብሎኩ ግቢ ሳትርቅ ጸጉሯ የሸበተ። ናሆም በዚያ ጠዋት ከባቡር የወረደ ሰው ነው፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ ዓይኑ ጫማው ላይ። አባትና ልጅ ተኮራርፈው እንደነበር ብሎኩ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ጥሎ የሄደው እንዲህ ሊነድ፣ ያስታመመችው እንዲህ ልትቀዘቅዝ?

አምባር መቀያየር የተለመደ ነገር ነው። ሳፋው ውስጥ ተደባልቀው ነው የሚቀመጡት፤ በር ላይ የሚያስረው ሰው ይቸኩላል፣ ሲያስርም ራሱ እያዘነ ነው። የሐዘንተኛ እጅጌ ገልጦ ማየት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ገመደኛ የተሳሳተ አምባር የሚያርመው ሰዎቹን በማወቅ ነው። አንዳርጌን ሥራውን ያስተማሩት ሰው በመጀመሪያው ቀን የነገሩት "ጎረቤቱን የማያውቅ ገመድ አይንካ" የሚል ነበር። አንዳርጌ ጎረቤቱን ያውቃል። ሁለቱን ገመዶች ነቀለ፤ አቀያይሮ ሰካቸው። ቅንጣት አልተጠራጠረም። እንዲያውም ሊፈጸም የነበረ ግፍ ያስቀረ መሰለው።

ቀጭኑ ድምፅ ተነሳ።

ሐዘን በጥሬው አያምርም። ይህኛውም አያምርም ነበር፤ ይደናቀፋል፣ ይተናነቃል፣ መሀል ላይ ይቋረጣል። አንዳርጌ ሻካራውን በማጣሪያው ለዘብ አደረገው። ግማሹን ወደ ማሚቶው ላከና ድንኳኑ ሸለቆ እስኪመስል ድረስ ማሚቶውን አሰፋው። ደጋሚውን ጨመረበት፤ እያንዳንዱ ሲቃ ትንሽ ቆይቶ በራሱ ድምፅ፣ ግን ለስልሶ፣ መልስ ይሰጠው ጀመር። ገመዶቹን ማቀያየሩ ስህተት ነበር። ይህኛው ግን ስህተት አልነበረም። ይህን ያደረገው ለቀስተኛው "ገመደኛው ማነው?" ብሎ እንዲጠይቅ ነው። ሰውም ጠየቀ።

ወፍራሙ ድምፅ በበኩሉ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሳይነሳ ሳይወድቅ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ከሥር ሲያጉረመርም ዋለ። ሰዎች መጀመሪያ አላስተዋሉትም። ኋላ አንድ በአንድ ዘወር እያሉ ናሆምን ያዩት ጀመር። ናሆም ማንንም አላየም። አንገቱን ቀና አድርጎ ሳጥኑ ላይ አፍጥጧል፤ የራሱን እጅ በሌላ ሰው ክንድ ላይ ያየ ይመስል ነበር። አንዳርጌ ይህን ሐፍረት ብሎ ተረጎመው።

ሲመሽ አምባሮቹን የፈታው ራሱ ነው። የመጀመሪያው ወንበር አምባር ላይ ቀይ ክር፣ የሁለተኛው ላይ ጥቁር ክር ተሰፍቷል። ሶልያና እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ዘረጋችለት። ክሩ ቀይ ነበር፤ አምባሩ የራሷ ነው።

"እጅህ ይባረክ" አለችው።

አንዳርጌ አምባሩን ፈትቶ ሳፋው ውስጥ ጣለው። ሰው ገና አልተበተነም። በዚያችው ደቂቃ መናገር ይችል ነበር፤ ይሉኝታ ያዘው። በማግሥቱ የሌሎች ብሎኮች ገመደኞች መጥተው የማሚቶውን ልክ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ መናገሩ በየቀኑ እየከበደ ሄደ። ናሆምን መንገድ ላይ ሲያይ እንደ ሰዉ ሁሉ ሰላምታውን አሳጠረ። ጠልቶት አልነበረም፤ ዓይኑን ማየት ስለከበደው ነው። ለናሆም ግን ልዩነቱ አይታይም።

አንድ ቀን የሳጥኑ ባትሪ ሞተ። ሐርቡ ያለው ጠጋኝ አገላብጦ አይቶ "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ እናንተው ጋ ያለው ሰው ነው የሚችለው" ብሎ መለሰው። አንዳርጌ ባትሪውን ታቅፎ ናሆም ሱቅ ገባ።

"አሃ፣ ገመደኛው" አለ ናሆም። ባትሪውን ተቀብሎ ክዳኑን ፈታ። "ሳጥኑ እኔን አይወደኝም እንጂ እኔ አልጠላውም። ቁጭ በል።"

"ቆሜ እጠብቃለሁ ጋሼ።"

"እንደፈለግክ። ደንበኛ ከቆመ ሱቁ ሰው የሞላው ይመስላል፣ ጥሩ ነው።"

ናሆም ውስጡን ጠጋገነ። ክዳኑን መልሶ ሲገጥም ቀና ሳይል "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "መስመሬ አንዴም አልተነሳም?"

"ያን ቀን ሰው ብዙ ነበር ጋሼ። ሁሉን ማስታወስ..."

"እሺ፣ ተወው። እንዲያው ነው።" ባትሪውን በጨርቅ ጠረገው። "ከጅቡቲ እሁድ እሁድ እደውል ነበር። አያነሳም። እስኪቋረጥ ድረስ ይጠራል፤ እኔም እስኪቋረጥ ድረስ እሰማለሁ። ኋላ ኋላ ያ የስልክ ጥሪ የአባቴ ድምፅ ሆኖብኝ ቀረ። እውነቴን ነው፣ እዛ ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ ያ ነው ጆሮዬ ላይ የነበረው። ታዲያ ሳጥኑ እንዴት ምንም አልሰማ አለ ብዬ ነው።"

አንዳርጌ አመስግኖ ወጣ። ባትሪው ከአዲስ ይሻላል።

ሶልያና የመጣችበት ቀን ግን ከዚህም የባሰ ነበር። አንዳርጌ ከብሎኩ ሥር ባለችው ክፍል ውስጥ የተበጠሰ ገመድ እየበየደ ሳለ በሩን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

"አንዱዬ፣ ሥራ አስፈታሁህ?"

"ኧረ እትዬ፣ ይግቡ።" በርጩማ ጠርጎ አቀረበላት።

"ያን ቀን የነበረውን ብታሰማኝ ብዬ ነው።"

"ለቅሶ እኮ አይቀዳም።"

"አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የመጣሁት።" ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ገመዶች በየቀለማቸው ስታይ ቆየች። "የመጨረሻዋን ጉርሻ አጉርሼው፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ አልፎ ነበር። ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ወገቤ። ከእንግዲህ ማገላበጥ የለም አልኩ። ልቤን ብፈልገው አጣሁት። ሰው ነኝ ወይ አልኩ፣ አንዳርጌ።"

"ደክሞዎት ነዋ።"

"ድካምንማ አውቀዋለሁ፣ አንድ ቤት ነው የኖርነው።" ፈገግ አለች። "ከዚያ ድንኳን ውስጥ ያ ድምፅ ከኔ ሲወጣ ሰማሁ። ለካ ከሥር እንዲህ ነበርኩ አልኩ። እኔ ያላገኘሁትን ሳጥናችሁ አገኘው። እንቅልፍ የተኛሁት ከዚያ ወዲህ ነው።"

አንዳርጌ የጋለውን መበየጃ ማስቀመጫው ላይ መለሰው።

"ቆንጆ ነበር" አለ።

ውሸት አልነበረም። ግን በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ፣ ባስታወሳት ቁጥር ምላሱን የምታቃጥለው ቃል ይህች ናት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በሁለት በኩል ያዘው። ቢናገር የሶልያናን እንቅልፍ ይወስዳል። ባይናገር የናሆምን ስም ይዞ ይኖራል። አንዳርጌ ራሱን ሚዛናዊ ሰው አድርጎ ነው የሚያየው፤ የሁለቱንም ወገን ጉዳት በትዕግሥት ሲመዝን ዓመቱ አለቀ። መመዘኑ ራሱ ዝም የማለት ሌላ ስሙ መሆኑ የገባው ዛሬ ጠዋት፣ ናሆም እንደ ተከሳሽ ኮቱን ቆልፎ ዳኛው ፊት ሲቆም ነው።

"ገመደኛው የሚለው አለው?" አሉ ጋሼ ፉአድ።

የጠየቁት ለደንቡ ያህል ነው። ገመደኛ ሁልጊዜ "የለኝም" ይላል፤ ከዚያ ዳኛው ይፈርዳሉ፣ ዱአውም ጸሎቱም ይደረጋል፣ ሥራ ይጀመራል።

"አለኝ" አለ አንዳርጌ።

የቅሬው ዕቃ ያዥ እትዬ ማህሌት ጎናቸው ወዳለችው ሴት ጠጋ ብለው "ዛሬስ ሳጥኑ አፍ አወጣ" አሉ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

አንዳርጌ ተነስቶ ቆመ። "ያን ቀን በቀጭኑ ድምፅ የተለቀሰው የጋሼ ናሆም ሐዘን ነው። አምባር የተቀያየረ መስሎኝ ገመዶቹን አዙሬ ሰካኋቸው። አምባሩ አልተቀያየረም ነበር። ማታውኑ አውቄያለሁ። እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።"

ሌላ የሚጨምረው ስላጣ ቁጭ አለ።

 እትዬ ማህሌት "ምን አብልቶህ ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"ማን?"

"እሱ ነዋ፣ ባለባትሪው። ከሱቁ ስትወጣ አላየንህም?"

"የቅሬውን ባትሪ ላሠራ ነው የሄድኩት።"

"እኔ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያ የሴት ልጅ ለቅሶ ነው። ያስታመመ አንጀት ነው እንዲያ የሚያለቅሰው። ለገዛ እናቴ ያላለቀስኩትን ያን ቀን ነው ያለቀስኩት። አሁን ደግሞ በማን እንዳለቀስኩ አንተ ልትነግረኝ?"

"ኮሌጅ የገባ ገመደኛ ነገር አያጣም" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

"ደክሞት ነው፤ ሰሞኑን ለቅሶ በዝቶበታል" አለ ሌላው፣ በርኅራኄ።

አንዳርጌ ለመወገዝ ተዘጋጅቶ ነበር። ቢሰድቡት፣ ከሥራው ቢያባርሩት የሚለውን ሁሉ አስቦበታል። ላለመታመን ግን አልተዘጋጀም። ዓይኑን ወደ ናሆም መለሰ፤ ቢያንስ እሱ ደስ ይለዋል ብሎ። ናሆም ደስ ያለው አይመስልም።

"ያ የኔ ነበር?" አለ ቀስ ብሎ። "ዓመት ሙሉ በዚያ ድምፅ ቀንቻለሁ። እሷ እንዲህ ስታዝን እኔ ምን ሆኜ ነው የታፈንኩት እያልኩ።"

"ቲያትሩን ተወና" አሉ እትዬ ማህሌት።

ጋሼ ፉአድ እጃቸውን አነሱ። "ልጄ፣ ማስረጃ አለህ?"

"ለቅሶ አይቀዳም ጋሼ።"

"እኮ።" ጢማቸውን ዳሰሱ። ደግ ሰው ናቸው፤ ማንም ሳይከፋው ነገር እንዲያልቅ ይወዳሉ። "የተለቀሰ ለቅሶ አይታረምም። እንዲህ እናድርግ። ሶልያና ቦታዋ ላይ ትቀመጥ። ናሆምም ልጃችን ነው፤ ከበሩ ገባ ብሎ፣ ያለ አምባር፣ ከጎረቤት ጋር ይቀመጥ። ገመደኛውም ወጣት ነው፣ ይቅር ብለነዋል።"

ሰዉ በአንድ ድምፅ "ደግ ፍርድ" አለ። አንዳርጌ ሳይታመን ይቅር ተባለ። ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር።

ናሆም የኮቱን ቁልፍ አንድ ፈታ፣ ወደ በሩ ዞረ።

ሶልያና እጆቿን አጣምራ፣ በተዘጋጀላት ወንበር አጠገብ ቆማለች። "አንዳርጌ" አለች። "ያን ቀን የኔ መብራት እንዴት ነበር?"

"ደብዝዞ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር።"

"ጠፍቶ ነበር?"

"አልጠፋም። አይነቃነቅም እንጂ በርቶ ነበር።"

"ምን ያህል ጠበቅከው?"

ጥያቄው አልገባውም።

"ከመንቀልህ በፊት። ምን ሊል ነው ብለህ ምን ያህል ጠበቅከው?"

አንዳርጌ ዓመቱን ሙሉ ራሱን የከሰሰው በናሆም ላይ በሠራው ነበር፤ በሶልያና ላይ የሠራው በደል ውሸቱ ብቻ መስሎት ነበር የኖረው። "አልጠበቅሁም" አለ። "የተበላሸ መስሎኝ ነው።"

"ታዲያ የኔ የትኛው ነበር?"

"ወፍራሙ፣ እትዬ። ያ ሳይነሳ ሳይወድቅ የዋለው።"

ሶልያና የሰማችውን ነገር የት እንደምታስቀምጠው እንዳጣች ሰው ዙሪያዋን አየች። "ሰምቼዋለሁ" አለች። "ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ። ይሄ ምን ዓይነት ልብ ነው ብዬ ረግሜዋለሁ።" ወደ በሩ ዞረች። "ናሆም፣ አንተን መስሎኝ ነው።"

ናሆም በሩ ላይ ቆመ። "እኔም ራሴን መስሎኝ ነበር" አለ።

"ሶሊ፣ አብሽሪ ልጄ" አሉ ጋሼ ፉአድ። "አልቋል እኮ። ተቀመጪ። ለቅሶሽን ማንም አልነካብሽም።"

እትዬ ማህሌት ቀድመው ተነስተው ወንበሩን ጠረጉላት። መላው ድንኳን እንድትቀመጥ ይፈልጋል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ብትቀመጥ ያ ውብ ለቅሶ የእሷ ሆኖ ይኖራል፣ እነሱም ያን ቀን ያለቀሱት ልክ ሆኖ ይቀራል። ሶልያና ወንበሩን አየችው። ከዚያ አልፋው ሄዳ ሳፋው አጠገብ ተንበረከከች፤ አምባሮቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች ቀይ ክር ያለበትን መረጠች። እንደ ታጠበ ዕቃ አራግፋው ወደ ሳጥኑ መጣች፤ እጅጌዋን በሰው ሁሉ ፊት ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን ለአንዳርጌ ዘረጋች። አንዳርጌ ማሰሪያውን ያዘ። 

"በደንብ እሰረው" አለችው። ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ደንቡ ከሚፈቅደው ሳያልፍ አይቀርም። "ናሆም ከጎኔ ይቀመጣል። የሱ ገመድ ወደ ሱ፣ የኔም ወደ ኔ። ማሚቶ እንዳታደርግብኝ። መሄድ የፈለገ ሰው ይሂድ። እኔ ግን የኔን ድምፅ እስከ ማታ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።"